ከጥቁሩ መቀነት ጀርባ

በግንቦት ምሽት ከላሊበላ ወደ ደቡብ ብታዩ ሴንታውረስ ኤ የሚባለው ጋላክሲ እዚያ አለ፤ በባዶ ዓይን ግን አይታይም። 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል።

ጆን ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከደቡብ አፍሪካ ሲመለከተው መሃሉን የሚያቋርጥ ጥቁር መቀነት አየ። መቀነቱ አቧራ ነው። በ1949 አውስትራሊያ የነበሩ ተመራማሪዎች ኃይለኛ የሬዲዮ ሞገድ ከዚሁ ጋላክሲ እንደሚመጣ ለዩ።

አቧራ የከዋክብትን ብርሃን ውጦ ይሞቃል፤ ሙቀቱንም በኢንፍራሬድ መልሶ ይለቃል። በ2003 የመጠቀው ስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፕ ይህን ሙቀት ሲያነሳ፣ ጥቁሩ መቀነት ዘመም ያለ ባለአራት ጎን ቅርጽ ሆኖ አበራ። ሴንታውረስ ኤ የዋጠው የሌላ ጋላክሲ ቅሪት ነው። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ለእኔ ይህ አቧራ የአደጋው መዝገብ ነው።

ስፒትዘር ጠፈር መውጣት ያስፈለገው በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ኢንፍራሬድን ስለሚውጥ ነው። ከምድር ሆኖ ጥቂቱንም ለማግኘት ከፍታና ደረቅ አየር ይፈለጋል። እንጦጦ 3,200 ሜትር ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ የአዲስ አበባ መብራት ግን ሰማዩን ያደበዝዝበታል። ለዚህ ነው በላሊበላ ተራሮች ሌላ ጣቢያ የታሰበው። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል።

ሰኔ 2020 ላይ ቀለበታዊው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ አለፈ። በዓመቱ ጦርነቱ ከተማዋ ገባ። እንዲህ ያለ ጣቢያ መስታወት ብቻ አይበቃውም፤ መንገድ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሌሊት ሳይሰጋ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ላስታ ከፍታው አለው። የጎደለው ሰላም ነው።