የወሎ ረሃብ ወሬ በለንደን በኩል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል። ለማጣራት ግን ሄዶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ግሎባላይዜሽን ዓለምን አንድ መንደር አደረጋት ይባላል። በዚህች መንደር ሄዶ የሚያየው ማን ነው? ያየውንስ በማን በኩል ይናገራል? ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም፤ ወሎ ይበቃናል።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ፊልሙን ያየው ግን አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀላቅሎ ሲያሳየው ነው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ደሴ ከአዲስ አበባ ቢርቅ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ የወገናችን ሞት ግን ለንደን ደርሶ ተመለሰልን።

ከአሥር ዓመት በኋላ ደርግ ራሱ በተራው ሸሸገ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. ለጋሾችን አስጠንቅቆ ነበር፤ በቂ ምላሽ አላገኘም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛው የአብዮት በዓል በአዲስ አበባ ሲደምቅ፣ በኮረም ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ዓለምን ያስደነገጠው ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ያሳየው የጥቂት ደቂቃ ምስል ነው።

ካሜራውን የያዘው ናይሮቢ የተወለደው ሙስሊም ወንድማችን መሐመድ አሚን ነበር። ዓይኑ የአፍሪካዊ ሙስሊም ዓይን ነው፤ ያየው የሚያልፈው ግን ቪዝኒውስ በተባለው፣ ቢቢሲና ሮይተርስ ከባለድርሻዎቹ መካከል በሆኑበት የለንደን ዜና ወኪል በኩል ነው። መንገዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 የለንደኑ ሮይተር፣ የፓሪሱ ሐቫስና የበርሊኑ ቮልፍ ዓለምን ለዜና ገበያ ተከፋፍለው ተፈራርመዋል። ያኔ ወሬው በቴሌግራፍ ሽቦ ሄደ፤ የአሚን ምስል በሳተላይት ከ400 በላይ ጣቢያዎች ደረሰ።

እህል መጣ፣ ብዙ ነፍስ ተረፈ። ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን ትረካውን እንመልከት። ዘጋቢው ማይክል በርክ ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጋር አመሳሰለው። (ከረሃብተኞቹ መካከል ስንቱ ሙስሊም እንደነበረ የወሎ ሰው ያውቃል።) እንዲህ ሲባል መከራው ከሰማይ ብቻ የወረደ ይመስላል። በዓለም ልብ የቀረው ድርቁ ነው፤ በትግራይና በሰሜን ወሎ ይካሄድ የነበረው ጦርነት፣ የመንግሥት ሽሸጋ፣ የለጋሾች መዘግየት ወደ ኋላ ቀሩ። የዳናና የጌታ ዑለሞች አገር፣ የመንዙማ አገር ወሎ፣ ለውጭው ዓለም የአጥንትና የዝንብ ምስል ሆኖ ቀረ። ዛሬም ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻችን ስለ አገራቸው ሲጠየቁ ያ ምስል ይነሣባቸዋል።

መሐመድ አሚን በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ እጁን አጣ፤ ሥራውን ግን አልተወም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አልጀዚራ ከዶሃ ሥርጭት ጀምሮ ነበር። በየቤቱ የራሳችን ዓይን ተገኘ ተብሎ ደስታ ሆነ። ደስታው ይገባል፤ ገንዘቡ ግን የኳታር መንግሥት ነውና የሑጁራቱ ትእዛዝ እሱንም ይመለከታል።