ደረጃ የማይወጣበት ጨዋታ፦ የኦስሎ ልጆችና ቅርጫት ኳስ

በታኅሣሥ አጋማሽ ኦስሎ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው ቤት ሳይደርሱ ይጨልማል። የስፖርት አዳራሾች መብራት ትርጉም የሚኖረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቅርጫት ኳስም ለዚህ ወቅት የተፈጠረ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል። ካናዳዊው መምህር ጄምስ ኔስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ጨዋታውን የፈለሰፈው፣ ተማሪዎቹ በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ነገር በማጣታቸው ነበር። ያስተምርበት የነበረው ተቋም የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነው፤ አዲስ አበባ ያደጉ ወላጆች «ወወክማ» ብለው የሚያውቁት ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ሩጫው፣ ድንገተኛ መቆሙና መዝለሉ ልብንም አጥንትንም ያጠነክራል። ቁርጭምጭሚት መወለም ግን በዚህ ስፖርት የተለመደ ነው፤ የሚመጥን ጫማና በቂ ማሟሟቂያ ያስፈልጋል። «ልጄ አጭር ነው» የሚለው ስጋት ብዙም አያስኬድም። የአዋቂዎች ቅርጫት 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሰቀል፣ በልጆች ጨዋታ ወደ 2.60 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ኳሱም ያንሳል።

ከአካል ብቃቱ ይልቅ ለሐበሻ ወላጅ እንግዳ የሚሆነው የውድድሩ ሕግ ነው። «ከስንት ስንተኛ ወጣህ?» እየተባለ ላደገ ሰው፣ የደረጃ ሰንጠረዥ የሌለው ውድድር ቀልድ ሊመስለው ይችላል። የኖርዌይ ስፖርት ኮንፌዴሬሽን በልጆች ስፖርት ላይ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ በ2007 ደግሞ የልጆች መብቶች በሚል አጸደቀው። በደንቡ መሠረት ልጆች 11 ዓመት ከሚሞላቸው ዓመት በፊት የውጤት ሰንጠረዥና ደረጃ አይወጣላቸውም። በአገር አቀፍ ሻምፒዮና መወዳደር የሚፈቀደውም 13 ዓመት ከሚሞላቸው ዓመት ጀምሮ ነው። ልጁ የሚወደውን ስፖርት፣ የሚለማመድበትንም መጠን ራሱ የመምረጥ መብት አለው። ይህ ስንፍናን ማበረታታት አይደለም። በ8 ዓመቱ «አትችልም» ተብሎ የተገፋ ልጅ በ14 ዓመቱ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር የሚያውቅ አሠልጣኝ የለም።

ለወላጅ የሚያረጋጉ ሌሎች ድንጋጌዎችም አሉ። ከ2009 ወዲህ፣ የስፖርት ክለብ ውስጥ ከልጆች ጋር ኃላፊነት ያለበት ሥራ የሚሠራ ሰው፣ በበጎ ፈቃደኝነት ቢሆንም፣ የፖሊስ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም በክለብ እንቅስቃሴ ላይ ሳሉ በኮንፌዴሬሽኑ የጋራ መድን ይሸፈናሉ።

ክለቦቹ ግን ያለ ወላጅ አይቆሙም። ቡና መሸጥ፣ ሰዓት መያዝ፣ ልጆችን ለጨዋታ ማድረስ «ዱግናድ» በሚባለው የኖርዌያውያን የጋራ ሥራ ልማድ የሚፈጸም ነው፤ አገር ቤት ደቦ ከምንለው ብዙም አይርቅም። ቋንቋው ያልተለመደው ወላጅ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚተዋወቀው ብዙ ጊዜ ከስብሰባ ይልቅ በዚህ የቡና ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ሥራው በፈረቃ የሆነ ወላጅ ይከብደዋል፤ ለክለቡ አስቀድሞ መናገር ይሻላል።

ዋናው እንቅፋት ገንዘብ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ ቤተሰቦች ያሉ ልጆች በክለብ ስፖርት የሚሳተፉት ከሌሎች ባነሰ መጠን እንደሆነ የኖርዌይ የወጣቶች ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ከስደተኛ ቤተሰብ የመጡ ልጃገረዶች ተሳትፎም ዝቅተኛ ነው። የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በ2017 የራስ መሸፈኛን በይፋ ውድድሮች መፍቀዱ ለሙስሊም ልጃገረዶች አንዱን በር ከፍቷል፤ የቀረው የቤተሰብ ውሳኔ ነው።

ክፍያው የከበደው ወላጅ ክለቡን፣ ወይም ከኦስሎ 15 ክፍለ ከተሞች የሚኖርበትን ጽሕፈት ቤት ሊያነጋግር ይችላል። ብዙ ክለቦች ከምዝገባ በፊት ልጁ በልምምድ ላይ ተገኝቶ እንዲሞክር ይፈቅዳሉ፤ ለዚያ ቀን የስፖርት ጫማና የውኃ ጠርሙስ ይበቃል።