የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የክረምት ዝውውር

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የክረምት ዝውውር በኢትዮጵያ ከፍተኛው የወንዶች እግር ኳስ ሊግ አንድ የውድድር ዘመን ተጠናቆ ቀጣዩ እስኪጀመር ባለው ጊዜ የሚካሄድ የተጫዋቾችና የአሰልጣኞች ዝውውር ነው። በዚህ ወቅት ክለቦች አዲስ ተጫዋች ያስፈርማሉ፣ ውል ያድሳሉ፣ ውላቸው ያበቃ ተጫዋቾችን ያሰናብታሉ። ወቅቱ የሊግ ጨዋታ የሌለበት ቢሆንም ስለ ክለቦች በጀት፣ ስለ ተጫዋቾች ደሞዝና ስለ ታዳጊዎች ዕድል በደጋፊዎች ዘንድ ከፍተኛ ክርክር የሚነሳበት ነው።

ወቅቱና የበጀት ዓመቱ

የውድድር ዘመኑ በአብዛኛው በመስከረም ወይም በጥቅምት ተጀምሮ በግንቦትና በሐምሌ መካከል ይጠናቀቃል። ስለዚህ ዋናው የዝውውር መስኮት በዝናቡ ወራት ላይ ይውላል። ሁለተኛው አጭር መስኮት በውድድሩ አጋማሽ ይከፈታል።

ወቅቱ ከመንግሥት የበጀት ዓመት ጋር መገጣጠሙ ለኢትዮጵያ ክለቦች ትልቅ ትርጉም አለው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይጀምራል። እንደ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማና ድሬዳዋ ከተማ ያሉ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮች ይደገፋሉ። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮጵያ መድንና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ደግሞ የመንግሥት ድርጅቶች ክለቦች ናቸው። በመሆኑም አንድ ክለብ በክረምት ማንን ማስፈረም እንደሚችል የሚወስነው የሜዳ ገቢው ሳይሆን የሚጸድቅለት በጀት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሰፊ የደጋፊ መሠረት ስላላቸው በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ይለያሉ።

የዝውውር ደንብ

ዝውውሩ የሚመራው በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን (ፊፋ) ደንብና በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የአገር ውስጥ መመሪያ ነው። ዋና ዋናዎቹ የፊፋ ድንጋጌዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• በዓመት ሁለት የምዝገባ መስኮቶች ይኖራሉ፤ ሁለቱ ተደምረው ከ16 ሳምንት መብለጥ አይችሉም።
• የተጫዋች ውል ቢያንስ እስከ ውድድር ዘመኑ ማብቂያ፣ ቢበዛ ለ5 ዓመት ሊሆን ይችላል።
• ውሉ ሊያበቃ 6 ወር ወይም ከዚያ በታች የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል።
• ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ ያልከፈለው ተጫዋች የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ካልተከፈለው ውሉን ማቋረጥ ይችላል።
• ውል ያለው ተጫዋች በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል።

በኢትዮጵያ ብዙ ተጫዋቾች የሚፈርሙት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። አጭር ውል ሲያልቅ ተጫዋቹ ያለ ዝውውር ክፍያ ስለሚለቅ ክለቦች ተጫዋች ሸጠው የሚያገኙት ገቢ አነስተኛ ነው። ተጫዋቹ በበኩሉ በየክረምቱ የተሻለ ደሞዝ የመደራደር ዕድል ያገኛል፤ ከተጎዳ ወይም ከተቀያሪ ወንበር ካልተነሳ ግን በቀጣዩ ክረምት ያለ ክለብ ሊቀር ይችላል።

ወደ ውጭ የተደረጉ ዝውውሮች

አጥቂው ጌታነህ ከበደ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተሳተፈችበት የ2005 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ከተጫወተ በኋላ በዚያው ዓመት ክረምት ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ተዛወረ። በኋላም ወደ ደደቢት ተመልሶ በ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 25 ግቦችን አስቆጠረ። ሳላዲን ሰዒድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወጥቶ ለቤልጅየሙ ሊርስ፣ ለግብፆቹ ዋዲ ደግላና አል አህሊ ተጫውቷል። ሽመልስ በቀለም ረጅም ዓመታትን በግብፅ ሊግ አሳልፏል።

አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦችን በማስቆጠር በሊጉ የአንድ ዘመን የግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ እንደሚሄድ የታወቀው በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ሲሆን፣ የውድድር ዘመኑን በኢትዮጵያ ቡና ጨርሶ በክረምቱ ተጓዘ። በደቡብ አፍሪካ ግን ጉዳት በተደጋጋሚ ከሜዳ አርቆታል።

የአሰልጣኞች ዝውውር

የአሰልጣኝ ለውጥ የአንድን ክለብ ዕጣ ምን ያህል እንደሚቀይር ለማሳየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ገብረመድኅን ኃይሌ ነው። በ2010 ዓ.ም. ከታችኛው ሊግ ባደገበት ዓመት ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አደረገ። በክረምቱ ወደ መቐለ 70 እንደርታ አመራና በ2011 ዓ.ም. እንደገና ዋንጫ አነሳ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ በሦስተኛ ክለብ ሻምፒዮን ሆነ። በአንጻሩ ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫ ባነሳ በ4 ዓመቱ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወርዷል።

የደሞዝ ጣሪያ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦች የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ምክንያቱ የደሞዝ ዕድገቱ ከክለቦች ገቢ ጋር አለመመጣጠኑና ሸክሙ በመንግሥት በጀት ላይ ማረፉ ነበር። ተጫዋቾች ውሳኔውን የተቃወሙት ያለ እነሱ ስምምነት የተወሰነ ነው በማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ የሚነሳው ዋና ጥያቄ ጣሪያው በእርግጥ ይከበራል ወይስ ልዩነቱ ከውል ውጪ በሌላ መንገድ ይከፈላል የሚለው ሆነ።

የሊጉን አመራር የተረከበው በክለቦቹ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ነው። ማኅበሩ ከዲኤስቲቪ ጋር ለ5 ዓመት የሚቆይ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የቴሌቪዥን ስምምነት አድርጎ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በሱፐርስፖርት መታየት ጀመሩ። ለ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ደግሞ የቁጥጥሩ መንገድ ተለወጠ። የአንድን ተጫዋች ደሞዝ ከመገደብ ይልቅ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በዓመት የሚያወጣው ጠቅላላ ወጪ ከ57 ሚሊዮን ብር እንዳይበልጥ ተደነገገ። በዚህ አሠራር ክለቡ ለአንድ ኮከብ ብዙ መክፈል ይችላል፤ ነገር ግን ያንኑ ያህል ከሌሎቹ ላይ መቀነስ ይኖርበታል።

ጦርነቱና የትግራይ ክለቦች

የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። የ2013 ዓ.ም. ውድድር ከመጀመሩ በፊት ደግሞ በትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በዚህ ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከሊጉ ወጡ፤ ተጫዋቾቻቸውም በሌሎች ክለቦች ተበተኑ። ሦስቱ ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከዓመታት ርቀት በኋላ ቡድናቸውን እንደ አዲስ ማዋቀር ነበረባቸው።

የደጋፊዎች ክርክር

በክረምት ወራት የኤፍ ኤም ሬዲዮ የስፖርት ዝግጅቶች፣ የስፖርት ድረ ገጾችና ማኅበራዊ ሚዲያ በዝውውር ዜና ይሞላሉ። ከሁሉም በላይ የሚያነጋግረው በሸገር ደርቢ ተቀናቃኞች በቅዱስ ጊዮርጊስና በኢትዮጵያ ቡና መካከል የሚደረግ ወይም ይደረጋል የተባለ ዝውውር ነው። ተደጋግመው የሚነሱት ክርክሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ታማኝነት ነው። አንዳንድ ደጋፊዎች በየክረምቱ ማልያ የሚቀይር ተጫዋችን ለክለብ ፍቅር የለውም ብለው ይወቅሳሉ። ሌሎች ደግሞ የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር እንደሆነና ደሞዝ የሚያዘገይ ክለብ ታማኝነት ሊጠይቅ እንደማይችል ይከራከራሉ።

ሁለተኛው የሕዝብ ገንዘብ ነው። የከተማ አስተዳደር ለእግር ኳስ የሚያወጣው ገንዘብ ለትምህርት ቤት ወይም ለውኃ ቢውል ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። የክለቦቹ ደጋፊዎች ግን ቡድኑ ከተማዋን እንደሚያስተዋውቅና ለወጣቶች የሥራ ዕድል እንደሚፈጥር ይናገራሉ።

ሦስተኛው የታዳጊዎች ጉዳይ ነው። ክለቦች በየክረምቱ በሊጉ ውስጥ የሚዞሩ ተመሳሳይ ተጫዋቾችን ከማስፈረም ይልቅ ከተስፋ ቡድናቸው ቢያሳድጉ ወጪ እንደሚቀንስ ብዙዎች ይስማማሉ። ይሁን እንጂ አሰልጣኞች ብዙውን ጊዜ የሚመዘኑት በአንድ ዓመት ውጤት ስለሆነ ልምድ ያለውን ይመርጣሉ። እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባሉ የአዲስ አበባ ዳር ክፍለ ከተሞች ትምህርት ሲዘጋ በሰፈር ሜዳ የሚጫወት ወጣት ወደ ሊጉ የሚገባበት በር የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው በዚህ ምርጫ ነው። የውጭ አገር ግብ ጠባቂዎች ጉዳይም የዚሁ ክርክር አካል ነው። ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ለዓመታት የቅዱስ ጊዮርጊስን ግብ ሲጠብቅ፣ አንዳንዶች የሊጉን ደረጃ እንዳሳደገ፣ ሌሎች የአገር ውስጥ ግብ ጠባቂዎችን ቦታ እንደያዘ ተናግረዋል።

ከአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጋር ሲነጻጸር

ተመሳሳይ ክርክር በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስም በየዓመቱ ይነሳል። በዚያ ውድድሩ በሚያዝያ መጀመሪያ አብቅቶ በኅዳር ገደማ እስኪጀመር ድረስ ተማሪ ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ ይቀይራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የዝውውር መመዝገቢያ ቋት ተከፈተ፤ በ2021 ደግሞ ተጫዋቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዛወሩ አንድ ዓመት ከጨዋታ መታገዳቸው ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በ2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞች በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቅዶ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጣሪያ አስቀመጠ።

ሁለቱ ሥርዓቶች የተነሱበት ቦታ ይለያያል። በአሜሪካ ችግሩ ተጫዋቾች ብዙ ገቢ እያስገቡ ለረጅም ዘመን ደሞዝ አለማግኘታቸው ነበር፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ክለቦች ራሳቸው የማያመነጩትን ገንዘብ ለደሞዝ ማውጣታቸው ነው። ሆኖም ሁለቱም የደረሱበት መፍትሔ ይቀራረባል፦ የአንድን ተጫዋች ገቢ ከመገደብ ይልቅ የአንድን ተቋም ጠቅላላ ወጪ መገደብ።