የሕፃናት ስሜትና የመማር ጽናት፦ ከስሕተት በኋላ የሚሆነው

ልጆች ችሎታቸው በጥረት እንደሚያድግ ቢያምኑ ትምህርታቸው ይሻሻላል የሚለው ሐሳብ በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ሰርጿል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ እምነቱ ብቻውን አቅም የለውም የሚል ነው። የሚፈተነው ልጁ ተሳስቶ እፍረትና ንዴት ሲይዘው ስለሆነ፣ ስሜቱን መምራት ያልተማረ ልጅ ስለ ጥረት የሚሰጠውን ምክር ሊጠቀምበት አይችልም። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ሠርተው ከፊሎቹ በብልህነታቸው፣ ከፊሎቹ በጥረታቸው ተመሰገኑ። ከዚያም ከባድ ጥያቄዎች ቀረቡላቸውና ዝቅተኛ ውጤት እንዳመጡ ተነገራቸው። በብልህነት የተመሰገኑት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የሚመጣጠኑ ጥያቄዎች ሲሰጧቸውም ከቀድሞው ያነሰ አመጡ። ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ በጽሑፍ እንዲገልጹ ሲጠየቁ ደግሞ ከሢሶ በላይ የሚሆኑት ከፍ አድርገው ጻፉ። ማንም ለማይቆጣጠረው ነገር መዋሸታቸው ውጤቱን ከማንነታቸው ጋር እንዳቆራኙትና እንዳፈሩበት ያመለክታል።

ይህ እፍረት ከአዋቂዎችም ሊወረስ ይችላል። ካይላ ሃይሞቪትዝና ድዌክ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ ልጆች የወላጆቻቸውን አቋም በግልጽ የሚያነቡት ወላጆች ለውድቀት ከሚሰጡት ምላሽ ነው። የፈተና ወረቀት ይዞ የገባ ልጅ መጀመሪያ የሚሰማው «ስንት አመጣህ? ስንተኛ ወጣህ?» ከሆነ፣ በኋላ የሚመጣው «አይዞህ፣ በርታ» ክብደት ያጣል። «ይህች ጥያቄ አናደደችህ አይደል? እስቲ የት ጋ እንደጠፋችብህ አሳየኝ» የሚል ወላጅ ግን ስሜቱን በስሙ ጠርቶ ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ችሎታ በጥረት ያድጋል የሚለውን አመለካከት ለማስረጽ የተደረጉ ሙከራዎች ውጤት አነስተኛ ነው የሚል ሲሆን፣ ቪክቶሪያ ሲስክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ጥናቶቹን አሰባስበው ሲመዝኑ ያገኙት ይህንኑ ነው። ሆኖም ዴቪድ የገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ሰፊ የአሜሪካ ጥናት፣ ይህን አመለካከት የሚያስረጽ አጭር ትምህርት ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸውን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ውጤት በመጠኑ አሻሽሏል፤ መሻሻሉም የጎላው የእኩዮች ልማድ ፈተናን መጋፈጥን በሚደግፍባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። ስለዚህ የውጤቱ ማነስ ቃል ያለ ምቹ አካባቢ እንደማይበቃ የሚያስረዳ እንጂ ክርክሩን የሚያፈርስ አይደለም። ሁለተኛው መቃወሚያ ስሜቱን የምንሰማለት ልጅ ይሞላቀቃል የሚል ነው። ጆን ጎትማን ያስፋፋው የስሜት አመራር ግን ለስሜት ቦታ ሲሰጥ ለድርጊት ወሰን ያበጃል፤ ልጁ መናደዱን እንረዳለታለን፣ እኅቱን መምታቱን ግን እንከለክለዋለን።

እንግዲህ መምህራንና ወላጆች ቅደም ተከተሉን ማስተካከል አለባቸው፦ መጀመሪያ ስሜቱን ማርገብ፣ ቀጥሎ ስሕተቱን አብሮ መመርመር፣ ከዚያ ሌላ ዘዴ ማሳየት። መምህራንን ስናሠለጥንም ከስሕተት በኋላ ልጅን እንዴት እንደሚያናግሩ ማስተማር ከትምህርት ይዘት እኩል ሊታሰብበት ይገባል።