ወኔ

ወኔ አንድን ነገር ለማድረግ ከውስጥ የሚያነሳሳ የጋለ ስሜት ነው፤ ድፍረትም ቆራጥነትም አለበት። ጉጉት ቁጭ ብሎም ይሆናል፤ ወኔ ግን ሰውን ካላስነሳ ወኔ አይባልም። በአነጋገር ወኔ ይሰነቃል፣ ይቀሰቀሳል፤ በጭንቅ ሰዓት ደግሞ ባለቤቱን ይከዳል። የሌለው ሰው «ወኔ ቢስ» ይባላል፤ ይህም ከባድ ስድብ ነው።

ቃሉን በሥራ ላይ ለማየት ጥር 23 ቀን እንጅባራ ከተማ መገኘት ይበቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚህ ዕለት የዓድዋን ፈረሰኞች ያስባል። ቀኑም ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ የዓድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ወር በገባ በ23 ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ስለሆነ ሁለቱም የጊዮርጊስ ዕለት ናቸው። ፈረሱ በጌጥ ተሸልሞ ሲጋልብ፣ እልልታውና ፉከራው የፈረሰኛውን ወኔ ይቀሰቅሳል።

ዛሬ ቃሉ ከፈረስ ወርዶ መማሪያ ክፍልና ኳስ ሜዳ ገብቷል፤ ተማሪ በወኔ ያጠናል፣ ቡድን በወኔ ይጫወታል። «የመስረቅ ወኔ» ማለት ግን ጆሮ ይቆረቁራል፤ ለዚያ «ድፍረት» ይበቃዋል።