የተልእኮ ዩኒቨርሲቲ ዐሳብና የገንዘቡ ጥያቄ፤ ከሰንጋ ተራ የማታ ክፍል ተነሥቶ

በአዲስ አበባ ሰንጋ ተራ የሚባለው ሰፈር፥ ቃሉ ራሱ እንደሚናገረው፥ ስሙ የሰንጋ ገበያ ስም ነው። ዛሬ በዚያ ስፍራ ሰንጋ ፈልጎ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የባንክና የኢንሹራንስ ፎቅ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ገበያውም ባንኩም አይደለም። በሁለቱ ዘመን መካከል በሰፈሩ የቆመው ትምህርት ቤት፥ ይልቁንም ከቢሮ ሰዓት በኋላ ወደዚያ ይጎርፍ የነበረው ሰው ነው።

የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1935 ዓ.ም. ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ ገና ሁለት ዓመት መሆኑ ነበር። እንደገና በመደራጀት ላይ የነበረው መንግሥት ሒሳብ ያዥ፥ በጽሕፈት መኪና የሚጽፍ፥ መዝገብ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገው ስለ ነበረ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ይህን ጎደሎ ለመሙላት ነው። ከጊዜ በኋላ ኮሌጅ ሆነ፤ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቀለ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከቀኑ ተማሪ ሌላ የማታ ተማሪ ነበረው። ይኸውም ቀን በመሥሪያ ቤት ሲጽፍና ሲደምር ውሎ፥ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ግድም ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ክፍል የሚገባው ሠራተኛ ነው። ቀኑ የመንግሥት ነበር፤ የራሱ የነበረው ማታው ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። በአገራችን ለሠራተኛውና ራቅ ብሎ ለሚኖረው ሰው ከፍተኛ ትምህርት የመስጠት ዐሳብ ዘግይቶ የመጣ አይደለም። የጎደለው ዐሳቡ ሳይሆን የራሱ የሆነ ገንዘብ ነው። የማታውም ሆነ የተልእኮው ትምህርት ሁልጊዜ ከቀኑ ትምህርት የተረፈውን ክፍል፥ የተረፈውን መምህርና የተማሪውን ኪስ ይዞ የኖረ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። በአራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የተከፈተው በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ኮሌጁ ብዙ ሳይቆይ ለሠራተኞች የማታ ትምህርት፥ ማለት ኤክስቴንሽን የሚባለውን፥ መስጠት ጀመረ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተጠቃልለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ይህም ክፍል አብሮ ገባ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በዚሁ ክፍል አማካይነት የተልእኮ ትምህርት ተጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የማታ ትምህርት የሚጠቅመው ከክፍሉ በእግር ርቀት ላይ ያለውን ሰው ብቻ ነው። በጋይንት ወይም በመቱ የሚያስተምር መምህር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰንጋ ተራ ሊደርስ አይችልም።

የተልእኮው ትምህርት ዕድሜ ግን አጭር ሆነ። አብዮቱ መጣ፤ በ1967 ዓ.ም. ተማሪውና መምህሩ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲወጡ ዩኒቨርሲቲው መደበኛ ሥራውን አቋረጠ፤ በእነዚያ ዓመታት የተልእኮው ትምህርትም ቆመ። በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር በጽሑፍና በራዲዮ የተሰጠው ትምህርት በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃውን ተማሪ የሚመለከት ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከዘመቻው በኋላ ተከፈተ፥ የማታውም ትምህርት ተመለሰ፥ የተልእኮው ግን በዩኒቨርሲቲው ሳይመለስ ብዙ ዓመታት አለፉ። በራሱ በጀትና በራሱ ሕግ ያልቆመ ነገር ሲቋረጥ የሚከራከርለት ወገን የለውም።

እዚህ ላይ ስለ ፖስታ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። በኢትዮጵያ የፖስታ አገልግሎት የተጀመረው በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ይሁን እንጂ ደብዳቤ በየቤቱ የማደል ልማድ በአገራችን አልተስፋፋም፤ ሰው ደብዳቤውን የሚቀበለው ከፖስታ ሣጥን ነው። ስለዚህ የሌላው አገር የተልእኮ ትምህርት፥ ፖስተኛው መጽሐፉን በተማሪው ደጃፍ ያደርሳል በሚል ግምት ሲታቀድ፥ የእኛው ግን ገና ከመነሻው በየከተማው መጽሐፍ የሚያድል፥ መልመጃ የሚሰበስብና ፈተና የሚያስፈትን ጣቢያ ይፈልግ ነበር። ጣቢያ ማለት ደግሞ የቤት ኪራይና ደመወዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የተልእኮ ዩኒቨርሲቲ ወጪ ከቀኑ ትምህርት ቤት ወጪ በጠባዩ ይለያል። በቀኑ ትምህርት ቤት ተማሪ ሲጨመር ክፍልም፥ መምህርም፥ አልጋም፥ እንጀራም ይጨመራል። በተልእኮው ግን ትልቁ ወጪ የሚወጣው አንድ ተማሪ እንኳ ሳይመዘገብ ነው። መጽሐፉን የሚጽፍ፥ የሚያርም፥ መልመጃውን የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ደመወዝ ይበላል። ለማስረዳት ብቻ አንድ ቁጥር እንውሰድ። አንዱን ኮርስ ለማዘጋጀት 600,000 ብር ቢፈጅ፥ 200 ሰዎች ሲማሩት ለእያንዳንዱ 3,000 ብር ይደርሳል፤ 6,000 ሰዎች ሲማሩት ግን 100 ብር ብቻ ነው። እንግዲህ የተልእኮ ዩኒቨርሲቲ ርካሽ ነው የሚባለው ብዙ ሰው ሲማርበት ብቻ ነው፤ በትንሹ ከተጀመረ ውድ ነው። በትንሹ ጀምረን ቀስ እያልን እናሳድገው የሚለው፥ በሌላ ሥራ ሁሉ ጥበብ የሚመስለው ምክር፥ እዚህ ላይ ይከሽፋል።

ይህን የሁለት አገሮች ታሪክ ያስረዳል። በእንግሊዝ አገር ሃሮልድ ዊልሰን የአየር ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ዐሳብ በግላስጎው ከተማ የተናገሩት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ጉዳዩን ለጄኒ ሊ ሰጡ፤ እርሳቸውም በማይበገር ጠባያቸው ገፉበት። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ቻርተሩን አገኘ፤ ተማሪ ያስተማረው በ1971 ነው። በመካከሉ ያሉት ዓመታት የመጻፍና የማዘጋጀት ዓመታት ነበሩ፤ ወጪውንም መንግሥት ከፈለ። በ1970 መንግሥት ተለውጦ፥ ዩኒቨርሲቲውን የሚነቅፉ ሰዎች ሥልጣን ሲይዙ፥ አዲሲቱ የትምህርት ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ሊዘጉት ሲችሉ ተዉት። በብዙ ተማሪ ስለ ጀመረ በነፍስ ወከፍ የሚወጣው ገንዘብ ከሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያነሰ እንደሚሆን ይታይ ነበርና።

በናይጄሪያ ደግሞ የብሔራዊ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጄኔራል ቡሃሪ ሥልጣን ያዙ፤ በሚያዝያ 1984 ዩኒቨርሲቲው በገንዘብ እጥረት ምክንያት ታገደ። እንደገና የተከፈተው በ2002 ነው። በሁለቱ አገሮች የተነሣው ዐሳብ አንድ ነው፤ አንዱ ክፉውን ቀን የተሻገረው መዝጋቱ ከማስቀጠሉ የሚበልጥ ኪሣራ በሚሆንበት ደረጃ ላይ ስለ ደረሰ ነው። ሌላው ገና ከወረቀት ሳይወጣ ተያዘ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመትም ጠፋ። ታንዛኒያ በ1992 በፓርላማ ሕግ የራሷን ኦፕን ዩኒቨርሲቲ አቋቁማለች፤ ሕጉ ብቻውን ገንዘብ ባያመጣም ለገንዘቡ ጥያቄ የሚያቀርብ ባለቤት ፈጥሯል።

በእኛ አገር የሆነው ሌላ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የግል ኮሌጆች ሲበዙ የርቀት ትምህርትን ይዘው ወጡ። ከሰንጋ ተራ ብዙ ሳይርቅ በሜክሲኮ አካባቢ ያደገው ቅድስት ማርያም ከእነዚህ ዋነኛው ነው። ኮሌጆቹ ያደረጉት ቀላል አይደለም፤ መንግሥት ያልከፈተውን በር ከፍተው በየክፍለ ሀገሩ ጣቢያ አቋቁመዋል። ሆኖም ከላይ ያሰላነውን ሒሳብ ብናስታውስ ችግሩ ይታያል። አንዱን የሒሳብ አያያዝ ኮርስ እያንዳንዱ ኮሌጅ ለብቻው ያስጽፋል፥ ለብቻው ያትማል። በአንድ መጽሐፍ ሊማር የሚችለው ሕዝብ በብዙ ሞጁል ተከፋፈለ፤ ወጪው ሲበዛ ደግሞ የሚቆረጠው ከአስጠኚውና ከአራሚው ድርሻ ነው።

በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የከፍተኛ ትምህርት የርቀት ፕሮግራሞችን አገደ። የተሰጠው ምክንያት የጥራት ጉድለት ነው። ከተቋማቱ ጋር ንግግር ከተደረገ በኋላ እገዳው ላልቶ ሥራው በቁጥጥር ሥር እንዲቀጥል ሆነ። ጥራቱ አያሳስብም ነበር የሚል ይህ ጸሐፊ አይደለም። ነገር ግን ጥራት የሚገዛው በገንዘብ ነው፤ ገንዘቡም የሚመጣው ከተማሪው ክፍያ ብቻ ሲሆን፥ ተቆጣጣሪው ጉድለቱን ሊመዘግብ እንጂ ሊሞላው አይችልም።

ማን እንደሚከፍል ስንጠይቅ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በቀን የሚማር ሰው የድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ነው። የማታውና የርቀቱ ተማሪ ግን ገና ሲመዘገብ ከደመወዙ ይከፍላል። ደመወዝተኛው ከኪሱ፥ ደመወዝ የሌለው በብድር ይማራል ማለት ነው ብሎ ደንቡን የሚደግፍ አይጠፋም። ክርክሩ ከተማ ላለው ሠራተኛ ይሠራ ይሆናል፤ በወረዳ ከተማ ሻይ ቤት ከፍታ ልጆች ለምታሳድግና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለጨረሰች ሴት ግን አይሠራም።

ለጋሾችስ? ለዩኒቨርሲቲያችን ብዙ ረድተዋል፤ በአሜሪካ እርዳታ የተሠራው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ምስክር ነው። በዓለም ባንክ የተጀመረው፥ በሳተላይት የሚያስተምረው የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲም በ1990 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ለጋሽ የሚወደው ሪባን የሚቆረጥለትን ነገር ነው። ለአራሚ ደመወዝ ሪባን የሚቆርጥ አላየንም።

ጥያቄው ዛሬ ለምን እንደ ገና እንደሚነሣ የሁለት ዓመት ፈተና ይነግረናል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ናቸው፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ተማሪዎች ያለፉት 27,267 ሆኑ። መንግሥት የተወሰኑትን በማካካሻ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል፤ የቀሩት ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ርቀትና ክፍት የሚሉትን ቃላት መለየት ይገባል። በአገራችን የተሞከረው ርቀት ነው፤ ተማሪው ከክፍሉ ይርቃል፥ የመግቢያው ውጤት ግን እንዳለ ይጠበቃል። የእንግሊዙ ዩኒቨርሲቲ ክፍት የተባለው የመግቢያ ውጤት ስለማይጠይቅ ነው፤ የመውጫው ፈተና ግን ክፍት አይደለም። ፈተናውን ላላለፈው ሰው በሩን ከፍቶ፥ መውጫውን ግን ማጥበቅ ማለት በመካከሉ ብዙ ማስጠናት ማለት ነው። ማስጠናት ደግሞ ከመጽሐፍ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ነው። የመሰናዶ ኮርስ፥ በየወረዳው የቅዳሜ አስጠኚ፥ መልመጃ በቶሎ አርሞ የሚመልስ ሰው ይጠይቃል። ክፍሉስ አለ፤ የየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅዳሜና እሑድ ባዶ ነው፤ በሰንጋ ተራም የተደረገው ያው ነበር፥ የቀኑን ክፍል ለማታ መጠቀም።

እንግዲህ የሚያቅድ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሕንፃ መሆን የለበትም። አንደኛ፥ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጉያ ውስጥ ያልሆነ፥ በአዋጅ የቆመ ተቋም፤ ከዚያም ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት ቢያንስ ለሦስት ዓመት የጸሐፊዎችና የአራሚዎች ደመወዝ የሚሆን በጀት፤ የግል ኮሌጆቹም በዚያው መጽሐፍ እንዲያስተምሩ የሚፈቅድ ውል። ተማሪውም እንደ ቀኑ ተማሪ ተመርቆ ይክፈል። ይህ የመጨረሻው ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ብዙ እንደሚያከራክር እናውቃለን፤ የርቀት ተማሪ ብዙው መንገድ ላይ ስለሚቀር ያልተመረቀው ሰው ዕዳ የማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፥ መልሱንም በዚህ ጽሑፍ አላገኘነውም።