የኢንሹራንስ ሙግትና የቅን ልቦና ሕግ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደ ተባለ፥ የአንድን ሕግ ትርጉም በሚገባ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሕጉ የተወለደበትን ሙግት መመርመር ይገባዋል። ስለ ኢንሹራንስ ማጭበርበርና ስለ ካሣ ክርክር የሚናገሩት ሕጎችም በመጽሐፍ ከመስፈራቸው አስቀድሞ በሰዎች ጠብ መካከል የታዩ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ከነዚያ ሙግቶች ሦስቱን እንመለከታለን፤ ዘመኑም፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኢንሹራንስ ማለት ብዙ ሰዎች አረቦን የሚባለውን ጥቂት ገንዘብ እየከፈሉ፥ በአንዱ ላይ ድንገት የሚደርሰውን ጉዳት በጋራ የሚሸከሙበት ውል ነው። ሆኖም ውሉን የሚቀበለው ወገን ብዙ ጊዜ መርከቡንም ሆነ ጭነቱን በዓይኑ አላየም፤ የሚያውቀው ባለንብረቱ የነገረውን ያህል ነው። ስለዚህ የውሉ መሠረት እምነት ነው። እምነቱን ያፈረሰ ሰውም የሚጎዳው ገንዘብ ከፋዩን ብቻ ሳይሆን፥ አብረውት አረቦን የከፈሉትን ሁሉ ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ የአቴና ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት፥ የዛሬው ዓይነት ኢንሹራንስ ገና ሳይታወቅ፥ ነጋዴዎች በመርከብና በጭነት ላይ ይበደሩ ነበር። መርከቡ በደኅና ከገባ ተበዳሪው ብድሩን ከከፍተኛ ወለድ ጋር ይከፍላል፤ መርከቡ ከሰጠመ ግን ዕዳው ይቀርለታል። ደሞስቴኔስ በጻፈው የፍርድ ቤት ንግግር እንደ ተነገረው፥ የመርከብ ባለቤቱ ሄጌስትራጦስና ባልደረባው ዜኖቴሚስ በሲራኩስ ከተማ ገንዘብ ተበድረው ወደ ማርሴይ ላኩት። ከዚያም ዕዳው እንዲቀርላቸው መርከቡን ሊያሰጥሙ ተማከሩ። ሄጌስትራጦስ በሌሊት ወደ መርከቡ ሆድ ወርዶ ወለሉን ሲቆርጥ ድምፁ ተሰማና ተሳፋሪዎቹ ደረሱበት። እርሱም ሸሽቶ ወደ ትንሿ ጀልባ ሲዘል ስቷት ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ። መርከቡ ግን ከመስጠም ድኖ ወደብ ገባ። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ሕግ፥ ካሣ የሚከፈለው ድንገት ለደረሰ አደጋ እንጂ ሰው በገዛ እጁ ላመጣው ጥፋት አለመሆኑን ነው።

ሁለተኛው ሙግት እ.አ.አ. በ1766 በለንደን የተፈረደው የካርተርና የቦህም ነገር ነው። ጆርጅ ካርተር በሱማትራ ደሴት በቤንኩለን የሚገኘው የማርልቦሮ ምሽግ አገረ ገዢ ነበር። ምሽጉን የውጭ ጠላት እንዳይዝበት ከጥቅምት ወር 1759 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ኢንሹራንስ ገባ። በሚያዝያ 1760 ፈረንሳዮች ምሽጉን ያዙት። ኢንሹራንስ ሰጪው ቦህም ግን «ምሽጉ ደካማ መሆኑንና ፈረንሳዮች ሊመጡ እንደሚችሉ ሰውሮብኛል» ሲል ለመክፈል እምቢ አለ።

የእንግሊዝ የንጉሥ ችሎት ዋና ዳኛ የነበሩት ሎርድ ማንስፊልድ ነገሩን ሲያብራሩ፥ ከተዋዋዮቹ ማንኛውም ቢሆን ለብቻው የሚያውቀውን ሰውሮ ሌላውን በስሕተት ወደ ውል መሳብ እንደማይችል ገለጡ። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን፥ ወይም ኢንሹራንስ ሰጪው ራሱ ሊያውቅ የሚገባውን አለመናገር ማታለል አይደለም አሉ። በዚያን ጊዜ ጦርነት መኖሩን ለንደን ያለ ሰው ሁሉ ያውቀው ነበርና ካርተር ረታ።

እንግዲህ የቅን ልቦና ሕግ ለሁለቱም ወገን የተሰጠ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አረቦኑን በደስታ ተቀብሎ፥ አደጋ ሲደርስ ብቻ መዝገብ እያገላበጠ የመካጃ ምክንያት የሚፈልግም ይህንኑ ሕግ ያፈርሳል። በኋለኛው ዘመን ግን የእንግሊዝ ሕግ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ፤ ባለማወቅ አንድ አስፈላጊ ነገር ሳይናገር የቀረ ሰው እንኳ ውሉ በሙሉ ሊፈርስበት ይችል ነበር። ይህ የተሻሻለው በ2012 እና በ2015 በወጡት ሕጎች ነው። በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ግን አስቦ የደበቀውንና ሳያስብ የተሳሳተውን አስቀድሞ ለይቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ውሉ ሲፈርስበት፥ የሁለተኛው በዚህ ብቻ አይፈርስም።

ሦስተኛው ታሪክ ግን ልብን የሚያደማ ነው። በ1781 ዞንግ የተባለው የሊቨርፑል ነጋዴዎች መርከብ 442 በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን ጭኖ ወደ ጃማይካ ተጓዘ። መርከበኞቹ መንገድ ስተው ጃማይካን አለፏት። ከኅዳር ወር መጨረሻ ጀምሮም ውሃ አነሰን በማለት ከ130 የሚበልጡ ሰዎችን ከነሕይወታቸው ወደ ባሕር ወረወሩ። ባለመርከቦቹ ስለ እያንዳንዱ ሰው 30 ፓውንድ ጠየቁ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰዎቹ በበሽታ ቢሞቱ ኪሣራው የባለመርከቦቹ ሲሆን፥ መርከቡን ለማዳን በግድ ተጣሉ ከተባለ ግን የሚከፍለው ኢንሹራንስ ሰጪው ነበር።

በ1783 ጁሪ የሚባሉት ፈራጆች ለባለመርከቦቹ ፈረዱ። ኢንሹራንስ ሰጪዎቹ ይግባኝ ሲሉ ነገሩ ወደ ሎርድ ማንስፊልድ ችሎት ደረሰ። በዚያም ዝናብ ከዘነበ በኋላ እንኳ ሰዎች መወርወራቸው ተሰማ፤ የመርከቡ መዝገብ ግን ጠፍቶ ሳይቀርብ ቀረ። ችሎቱ ክርክሩ እንደ ገና እንዲታይ አዘዘ፤ ስለ መታየቱ ግን የተገኘ መዝገብ የለም። ከባርነት ነጻ የወጣው ኦላውዳ ኢኩያኖ ወሬውን ለግራንቪል ሻርፕ ነገረው፤ ሻርፕም ገዳዮቹ በነፍስ ግድያ እንዲከሰሱ ደከመ፤ ነገር ግን ማንም አልተከሰሰም።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ችሎት የተጠየቀውን ጥያቄ እንመርምር። ውሃው በእውነት አንሶ ነበርን? አደጋው ድንገት የመጣ ነውን ወይስ በመርከበኞቹ ስሕተት? ለኢንሹራንስ ክርክር እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዛሬም ስለ ተቃጠለ መጋዘን እንዲሁ ይጠየቃል። ይሁን እንጂ ሰው በዕቃ መዝገብ ውስጥ ከተጻፈ በኋላ፥ የመርማሪው ትጋት የገንዘቡን ከፋይ ለይቶ ያሳውቅ ይሆናል እንጂ የሞቱትን ሰዎች ፍርድ ሊያስገኝ አልቻለም። ሎርድ ማንስፊልድ ራሳቸው ነገሩ እጅግ እንደሚያስደነግጥ ተናግረው፥ በሕግ ዓይን ግን ፈረሶች ከመርከብ እንደ ተጣሉ ያህል መሆኑን ገልጠዋል።

ስለዚህ ከሦስቱ ሙግቶች ሦስት ትምህርት እናገኛለን። ካሣ ጠያቂ ጥፋቱን በገዛ እጁ ያላመጣ ይሁን፤ ተዋዋዮች ሁለቱም የሚያውቁትን አይሰውሩ፤ ከዚህም ሁሉ በፊት ሕግ የሚጠብቀው ንብረት ምን እንደ ሆነ፥ ሰውም ከንብረት በላይ መሆኑን ይወቅ። በጠረጴዛው ላይ የካሣ ጥያቄ የቀረበለት ሠራተኛም ወረቀቱን ሲመረምር ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሰው ቢያስብ፥ አጭበርባሪውን ከመያዝ አይሰንፍም፤ እውነተኛውን ተጎጂም በከንቱ አያንገላታም።